ጸሐይ አንድ ኬክሮስ ስትዘገይ

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ጸሐይን አምኜ በጂኦግራፊ ዜሮ አገኘሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ የካቲት ነበር። መምህራችን አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ አቁመን፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ በየአሥር ደቂቃው የጥላውን ርዝመት እየለካን እንድናመጣ የቤት ሥራ ሰጡን። ጥላ ከሁሉ የሚያጥረው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ እኩለ ቀን ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ጥላው ስድስት ሰዓት ላይ ያጥራል። መምህሩ በዓይናችን አይተን እንድናረጋግጥ የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

እኔም ቅዳሜ ቀን የአባቴን የእጅ ሰዓት ለምኜ ተዋስሁ፤ ዱላዬን አሸዋ በሞላሁት ጣሳ ውስጥ አቆምሁና የግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረግሁ ተቀመጥሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥላው 43 ሳንቲ ሜትር ነበር። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ 39 ደረሰ። ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ 38 ሆነ። መልሶ መርዘም የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያየሁትን ጻፍሁ። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙብኝና፣ «የአባትህ ሰዓት ተበላሽታለች፤ ለሰዓት ሠሪ ይስጧት» አሉኝ። የክፍል ጓደኞቼ በሙሉ «ስድስት ሰዓት» ብለው ጽፈው አሥር ከአሥር አገኙ። አብዛኞቹ ዱላ እንኳ እንዳላቆሙ አውቃለሁ።

አባቴ ነገሩን ከልቡ አስገባው። ሰዓቷን ይዞ ፒያሳ ወዳለ ሰዓት ሠሪ ወሰደኝ። ሰውዬው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የጀርባ ክዳኗን ከፈተ፤ ጥቂት ካዳመጣት በኋላም ከሬዲዮው ሰዓት ጋር አስተያያት። «ምንም የላት» ብሎ የመክፈቻውን ተቀበለ። ማታ ወሬውን የሰሙት አያቴ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩና ጥላቸውን በጫማቸው እየሰፈሩ ሰዓት መቁጠር ያውቁ ነበር። ሳቅ አሉና፣ «ልጁ ያመጣው የጸሐይን ሰዓት ነው፤ መምህሩ የጠየቁት የመንግሥትን ነው» አሉ። ይህ አነጋገር እውነት መሆኑን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያቺን ዜሮ ለማስፋቅ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀየመውም።

በመጀመሪያ ስለ ሁለቱ መስመሮች። ካርታ ላይ ወደ ጎን የተሰመሩትን ኬክሮስ፣ ከላይ ወደ ታች የተሰመሩትን ኬንትሮስ ብለን ተምረናል። ሲታዩ እህትማማች ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን በጣም ይራራቃል። የኬክሮስ መነሻ በተፈጥሮ የተሰጠ ነው። ምድር ሁለት ዋልታዎች አሏት፤ በሁለቱ እኩሌታ ላይ የምድር ወገብ አለ፤ ከዚያ ላይ «ዜሮ» ብሎ የሚጀምር ሰው ከማንም ጋር አይጣላም። ከወገቡ በስተሰሜን ያለ መርከበኛ ሌሊት የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለ ቢለካ፣ ያ ቁጥር ለራሱ ኬክሮስ በጣም የቀረበ ነው። ይኸው ኮከብ ለአዲስ አበባ ሰው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ለለንደን ሰው ግን ከ51 ዲግሪ በላይ ነው።

የኬንትሮስ መነሻ ግን በሰማይም በምድርም የተጻፈ አይደለም። ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር አንዱ መስመር ከሌላው የሚለይበት ምልክት የለውም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ የኖረው በጥሊሞስ ዜሮውን በምዕራብ በኩል እሱ በሚያውቀው የዓለም ጫፍ፣ ዛሬ የካናሪ ደሴቶች በምንላቸው ላይ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ፈረንሳዩ በፓሪስ፣ እስፓኙ በካዲዝ፣ ሩሲያው በፑልኮቮ፣ እንግሊዙም በግሪንዊች በኩል ዜሮ እያሰመረ ሁሉም የየራሱን ካርታ ሠራ።

ሌላም ችግር ነበር፤ ይኸኛው የሰው ሕይወት የበላ ነው። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች። 360 ዲግሪ ለ24 ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ ለአንድ ዲግሪ ደግሞ 4 ደቂቃ ይደርሳል። እንግዲህ መርከበኛው ባሕር መካከል ሆኖ ጸሐይ አናቱ ላይ ስትደርስ አየ እንበል። ለእሱ እኩለ ቀን ነው። ከአገሩ ሲነሣ የለንደንን ጊዜ እንደያዘ ያልተነካ ሰዓት ቢኖረውና ያ ሰዓት «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» ቢለው፣ ሰውዬው ከለንደን በስተምዕራብ 45 ዲግሪ ርቋል ማለት ነው። ኬንትሮስን ማወቅ ማለት በአንድ ጊዜ የሁለት ቦታ ሰዓት ማወቅ ማለት ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ ሰዓት አለመኖሩ ነበር። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 የሠራው ባለፔንዱለም ሰዓት (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ) በየብስ ላይ ግሩም ነበር። መርከብ ላይ ሲወጣ ግን ማዕበሉ ፔንዱለሙን ያናውጠዋል፤ ሙቀት ብረቱን ያረዝመዋል፤ ብርድ ዘይቱን ያወፍረዋል።

ጥቅምት 22 ቀን 1707 ሌሊት የእንግሊዙ አድሚራል ሰር ክላውድስሊ ሾቭል የመርከብ ጓዱን እየመራ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ያለበትን ቦታ በመሳሳቱ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጫፍ ካሉት የሲሊ ደሴቶች ቋጥኝ ጋር ተላተመ። አራት መርከቦች ሰጠሙ። የሞተው ሰው ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ይደርሳል ይባላል፤ አድሚራሉም ከሟቾቹ አንዱ ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1714፣ የእንግሊዝ ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ። ኬንትሮስን እስከ ግማሽ ዲግሪ ድረስ ለይቶ የሚያሳይ ዘዴ ላመጣ ሰው 20,000 ፓውንድ ይሸለማል የሚል ነበር። ግማሽ ዲግሪ በሰዓት ሲቆጠር ሁለት ደቂቃ ነው። ስድስት ሳምንት በሚፈጅ ጉዞ ላይ አንድ ሰዓት በቀን ከሦስት ሰከንድ በላይ ከሳተ ሽልማቱ አመለጠው ማለት ነው።

የዘመኑ ሊቃውንት መልሱን ከሰማይ ጠበቁ። ጨረቃ በከዋክብት መካከል የምታደርገውን ጉዞ እንደ ታላቅ የሰማይ ሰዓት እናንብብ አሉ። ሰዓት ሠርቶ የመጣው ግን በ1693 በዮርክሺር የተወለደ ጆን ሃሪሰን የሚባል አናጢ ነበር። ሃሪሰን የመጀመሪያውን የባሕር ሰዓት በ1735 ጨረሰ፤ ራሱ አልረካበትም። ሁለተኛውን ሠራ፤ አልወደደውም። በሦስተኛው ላይ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ለፋ። በ1759 የጨረሰው አራተኛው ግን ከቀደሙት ጋር አይመሳሰልም ነበር፤ 13 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላት፣ በሞላ የምትሠራ፣ ትልቅ የኪስ ሰዓት የምትመስል ነበረች። በ1761 መጨረሻ ልጁ ዊልያም ይዟት ወደ ጃማይካ ተሳፈረ። እዚያ ሲደርስ ተመረመረች። ከሁለት ወር ተኩል በላይ ባሕር ላይ ቆይታ የዘገየችው አምስት ሰከንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ሽልማቱ ወዲያው ተሰጠው የሚል ካለ የመሥሪያ ቤትን ጠባይ አያውቅም። መርማሪ ቦርዱ «ዕድል ሊሆን ይችላል» አለ። በ1764 ሰዓቷ እንደገና ወደ ባርቤዶስ ተላከች፤ እንደገናም ፈተናውን አለፈች። በ1765 ግማሹ ገንዘብ ተከፈለው፤ ለቀሪው ግን ሌላ ሰዓት ሠርተህ አሳይ ተባለ። በስተመጨረሻ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ጣልቃ ገቡለትና በ1773 ፓርላማው 8,750 ፓውንድ ጨመረለት። ሃሪሰን ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት ሞልቶት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በተወለደበት ቀን፣ መጋቢት 24፣ ሞተ። እኔ የሃሪሰንን ታሪክ ሳነብ ያ ቀይ እስክሪብቶ ትዝ ይለኛል፤ አናጢው ያመጣው መልስ ትክክል ነበር፤ የቸገረው ከተጠበቀው መልስ ጋር አለመገጠሙ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ግሪንዊችን የዓለም ዜሮ ወደ መሆን የገፋት ሃሪሰን አይደለም፤ የሃሪሰን ተቃዋሚ ይባል የነበረው የቤተ መንግሥቱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኔቪል ማስክሊን ነው። ማስክሊን ለጨረቃው ዘዴ የሚያስፈልገውን ሒሳብ በየዓመቱ በመጽሐፍ ማሳተም ጀመረ፤ የመጀመሪያው ለ1767 ዓመት የተዘጋጀ ነበር። ሒሳቡ ሁሉ የተሠራው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ያን መጽሐፍ የገዛ የየትኛውም አገር መርከበኛ ሳያስበው ራሱን ከግሪንዊች መለካት ለመደ። ልማድ ከሕግ ይቀድማል የሚባለው እውነት ነው።

ባሕሩ እንዲህ ሲሆን በየብስ ግን እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ጸሐይ ይኖር ነበር። የብሪስቶል ከተማ ሰዓት ከለንደን አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በፈረስ ለሚጓዝ ሰው አሥር ደቂቃ ምኑም አይደለም። ባቡር ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ሐዲድ ላይ የሚገናኙ ሁለት ባቡሮች በተለያየ ሰዓት ከሄዱ መጋጨታቸው ነው። ወደ ብሪስቶል የሚሄደው የባቡር ኩባንያ በ1840 የለንደንን ሰዓት በመስመሩ ሁሉ አወጀ። የብሪስቶል ሰዎችም ከተማቸው ውስጥ ባለው የገበያ አዳራሽ ሰዓት ላይ ሁለት የደቂቃ ዘንግ አደረጉ፤ አንዱ ለራሳቸው ጸሐይ፣ ሌላው ለለንደን። መንግሥት ጉዳዩን በሕግ የደነገገው ከአርባ ዓመት በኋላ በ1880 ነው። በአሜሪካም የባቡር ኩባንያዎቹ ኅዳር 18 ቀን 1883 አገሩን በሰዓት ክልል ከፋፈሉት። በዚያን ዕለት በአንዳንድ ከተማ እኩለ ቀን ሁለት ጊዜ ተደወለ።

በማግስቱ ዓመት፣ በጥቅምት 1884፣ የ25 መንግሥታት መልእክተኞች ዋሽንግተን ላይ ተሰበሰቡ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የዓለም ዜሮ የት ይሁን? የፈረንሳዩ ሊቅ ዡል ዣንሰን መስመሩ የማንም ባልሆነ ቦታ ይለፍ ብሎ ተከራከረ። ሌላው ወገን ቁጥር አቀረበ፤ ከዓለም የመርከብ ጭነት 72 በመቶው በግሪንዊች ካርታ ይጓዝ ነበር። ድምፅ ሲሰጥ 22 ግሪንዊችን ደገፉ፤ ሳን ዶሚንጎ ተቃወመች፤ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፃቸውን አቀቡ። ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ በጉባዔው ስሟ የተጠራው ላይቤሪያ ብቻ ናት፤ ወኪሏም ዊልያም ኮፒንገር የሚባል አሜሪካዊ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚያ አልነበረችም። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብጽ ጋር የሂዌትን ውል ተፈራርመው ነበርና እንግሊዞቹ መኖራችንን አያውቁም አይባልም። የዋሽንግተኑ ጉባዔ ኅዳር 1 ቀን ተዘጋ። ኅዳር 15 ቀን የበርሊኑ ጉባዔ ተከፈተ። በሁለት ሳምንት ልዩነት አንዱ ጉባዔ ለዓለም ሰዓት መነሻ ቆረጠ፤ ሌላው አፍሪካ የምትቀራመትበትን ደንብ አወጣ። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። የዋሽንግተኑ ማንንም አልገደለም፤ ለሁሉም ጠቅሟል። ሆኖም በሁለቱም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት ብዙዎቹ መንግሥታት እነዚያው ነበሩ፤ ያልተቀመጠ ደግሞ የሌላውን መስመር ተቀብሎ ይኖራል።

ፈረንሳይ ተቀምጣም አልዋጥልሽ አላት። እስከ 1911 በፓሪስ ሰዓት ኖረች። በዚያ ዓመት ያወጣችው ሕግም የአገሪቱ ሰዓት የፓሪስ ሰዓት በ9 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ዘግይቶ ነው ይላል። ይህ ከግሪንዊች ሰዓት ጋር ልክ አንድ ነው። ስሟን ላለመጥራት ግን ይህን ሁሉ ዞሩ።

አሁን ወደ ዱላዬ ልመለስ። ዛሬ የኢትዮጵያ ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ሦስት ሰዓት ማለት 45 ዲግሪ ነው። የ45 ዲግሪው መስመር ግን በኦጋዴን፣ በቀብሪደሃርና በዋርዴር መካከል ነው የሚያልፈው። አዲስ አበባ ያለችው ከዚያ በስተምዕራብ 38 ዲግሪ ከሦስት ሩብ ላይ ነው። ልዩነቱ ስድስት ዲግሪ ከሩብ፣ በደቂቃ ሲመነዘር 25 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሰዓታችን ስድስት ሲል የአዲስ አበባ ጸሐይ በአማካይ 25 ደቂቃ ይቀራታል፤ ጋምቤላ ላይ 40 ደቂቃ ገደማ ይቀራታል። በዚህ ላይ ምድር ጸሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነና ምድር ራሷም ዘንበል ያለች ስለሆነ፣ የጸሐይ እኩለ ቀን በዓመት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። በየካቲት 14 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ በጥቅምት መጨረሻ 16 ደቂቃ ይቀድማል። 25 እና 14 ሲደመር 39 ነው። የአባቴ ሰዓት ልክ ነበረች፤ ጥላዬም ልክ ነበር። የቤት ሥራው የተሰጠን በጥቅምት ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ሆኖ እኔም ሳላውቅ አሥር ከአሥር አገኝ ነበር።

አያቴ ይህን ሒሳብ ቢሰሙ አንድ ነገር እንደሚጨምሩ እርግጠኛ ነኝ። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮስ በአባቶቻችን ዘንድ የጊዜ መለኪያ ነበር ማለት ነው። ምድር በአንድ ኬክሮስ ጊዜ ውስጥ ስድስት ዲግሪ ትዞራለች። የአዲስ አበባ ጸሐይ ከሰዓታችን የምትዘገየውም አንድ ኬክሮስ ያህል ነው። የጂኦግራፊ መጽሐፎቻችን ይህን ቃል ወስደው ከሰዓት ጋር ለማይገናኘው ለአግድሙ መስመር ሰጡት። ለቋሚው ቢሰጡት ይሻል ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

አግድሙ መስመርም ቢሆን በሌላ መንገድ ሰዓታችንን ይነካል። የውጭ አገር ሰው ከእኛ ጋር ሲቀጥር በስድስት ሰዓት ይሳሳትና አቆጣጠራችንን እንደ እንቆቅልሽ ያየዋል። ነገሩ ግን የኬክሮስ ጉዳይ ነው። ለንደን ላይ ረጅሙ ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፤ አጭሩ ስምንት ሰዓት አይሞላም። እዚያ «ጸሐይ ከወጣች ጀምሮ» ብሎ መቁጠር አይቻልም። አዲስ አበባ ላይ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጸሐይ ዓመቱን ሙሉ በጠዋቱ 12 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃና በአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ መካከል ትወጣለች። ቀኑን ከንጋት መቁጠር እንዲህ ባለ አገር የሚያስኬድ ሥራ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ይቆጥራሉ። በወንጌል የተጻፈውን ስድስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት የእኛ ሰው ያለ ማብራሪያ የሚረዳውም ለዚሁ ነው። ደቂቃችን የዓለም ነው፤ የሰዓታችን መነሻ ግን ከራሳችን ንጋት ነው።

ዓለምም ቢሆን ከጸሐይ እየራቀ ሄዷል። ከ1967 ጀምሮ ሰከንድ የምትለካው በሲዚየም አቶም ንዝረት ነው፤ 9,192,631,770 ጊዜ ሲነዝር አንድ ሰከንድ ይባላል። የምድር መሽከርከር ከአቶሙ ጋር እኩል ስለማይሄድ ከ1972 እስከ 2016 ድረስ 27 ጊዜ አንድ አንድ ሰከንድ ተጨምሯል። በ2022 የተሰበሰቡት መንግሥታት ግን ይህ ጭማሪ እስከ 2035 ባለው ጊዜ በነበረበት መልኩ እንዲቀር ወሰኑ። የዓለም ሰዓት የሚጠናቀረው ዛሬ ግሪንዊች ሳይሆን ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ውስጥ ነው፤ ዣንሰን ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ግሪንዊች ሄዶ በናሱ መስመር ላይ እግሩን ያንፈራጠጠ ጎብኚም ስልኩን ቢያወጣ፣ የሳተላይቱ ዜሮ 102 ሜትር ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብሎ ያገኘዋል።

ስምምነት ታላቅ ነገር ነው። አውሮፕላን የሚያርፈው፣ ዋሽንግተን ካለች እህቴ ጋር ሰዓት ቆርጠን የምንደዋወለው በዚሁ ስምምነት ነው። ለስምምነቱም በሲሊ ቋጥኝ ላይ የሰጠሙት መርከበኞችና የሃሪሰን ዕድሜ ተከፍሎበታል። መምህሬን ስለዚህ አልወቅስም። እሳቸውም የተማሩት ስምምነቱን እንደ ተፈጥሮ አድርገው ነው። ጥፋቱ ሰዓትና ጸሐይ ሲለያዩ ጸሐይን መሰረዝ ላይ ነው።

የአባቴ ሰዓት ዛሬ ከእኔ ዘንድ ናት፤ ስሞላት ትሄዳለች። ባለፈው የካቲት ልጄን ይዤ ያንኑ ዱላ አቆምሁ። ጥላው ማጠሩን ያቆመው ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ልጄ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ጻፈችና፣ «አባዬ፣ ቲቸር ዜሮ ቢሰጡኝስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጽሑፍ አብረሽ ስጪያቸው አልኋት።